ስለ አንድ ዓይን አንድ ዓይን ብቻ፦ «ዓይን ስለ ዓይን» በሚለው አባባል ላይ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አንድ የእንግሊዝኛ አባባል የተጻፈ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዘዋወር ሰንብቷል። አባባሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሕዝብ ስለ ፍትሕና ስለ ተመጣጣኝ ቅጣት ባወራ ቁጥር የሚያነሣው፣ በእኛም ዘንድ ከኦሪት ጀምሮ የታወቀው «ዓይን ስለ ዓይን» ነው። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ደም መፋሰስ ያንገፈገፋቸው ሰው መሆናቸው ከየአንቀጹ ይታያል። ምሬታቸውን እጋራለሁ። ምሬታቸውን ያወረዱበት አባባል ግን የጥፋቱ ባለቤት አይደለም። እንዲያውም የሰው ልጅ በቀልን ለመግታት ካፈለቃቸው ሐሳቦች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ እንደ አረመኔ ዘመን ቅርስ ተቆጥሮ ሲጣል ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። አባባሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ይላሉ፤ የመጀመሪያ ምንጩም የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ሕግ ሲሆን ኦሪት ከዚያ ቀዳው። ትርጉሙን በተመለከተ «የተበደልክ ሁሉ ተበቀል» የሚል ትእዛዝ እንደሆነ፣ ዕብራውያንም በዚሁ መሠረት ቃል በቃል የሰው ዓይን ያወጡ እንደነበር ይጽፋሉ። ቀጥለው ክርስቶስ በተራራው ስብከት እንደ ሻረው፣ ማህተማ ጋንዲም «ዓይን ስለ ዓይን ዓለምን ሁሉ ያሳውራል» ብለው ክርክሩን እንደ ዘጉት ያስረዳሉ። በመጨረሻም እኛ ኢትዮጵያውያን የሽምግልና እርቅ ስላለን፣ እርቅም የዚህ አስተሳሰብ ተቃራኒ ስለሆነ፣ አባባሉን እርግፍ አድርገን ብንተወው አንጎዳም ብለው ይደመድማሉ።

ከዘመኑ ልጀምር። የ1611ዱ ትርጉም አባባሉን በሕዝብ አፍ ላይ እንዳጸናው እውነት ነው። ነገር ግን ዊልያም ቲንደል የኦሪትን መጻሕፍት ከዕብራይስጥ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1530 ነው፤ ቃሉ እዚያም አለ። ከዚያም ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ871 እስከ 899 በደቡብ እንግሊዝ የነበረው የዌሴክስ መንግሥት ንጉሥ አልፍሬድ የሕግ መጽሐፉን ሲያስጽፍ መግቢያ ያደረገው ከኦሪት ዘጸአት ተወስዶ በጥንቱ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ክፍል ነበር። «ዓይን ስለ ዓይን፣ ጥርስ ስለ ጥርስ» የሚለው ቃል በዚያ መግቢያ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን የማነሣው ስለ ዓመተ ምሕረት ለመሟገት አይደለም። የአልፍሬድ መጽሐፍ ከመግቢያው በኋላ ምን እንደሚል ማየት ያስፈልጋል። የሰው ዓይን ላጠፋ ሰው የተደነገገው ቅጣት ዓይኑን ማውጣት ሳይሆን ከ60 ሺሊንግ ትንሽ የሚበልጥ ካሳ ነው። በእንግሊዝ ምድር በአገሬው ቋንቋ ከተጻፉት ሕጎች ቀዳሚ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ600 ግድም የወጣው የኬንት ንጉሥ የኤተልበርት ሕግም ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል ዋጋ ቆርጦ ነበር፤ ለዓይን 50 ሺሊንግ፣ ለአውራ ጣት 20፣ ለአውራ ጣት ጥፍር 3፣ ለእያንዳንዱ የፊት ጥርስ 6። አልፍሬድ ይህን ሁሉ ባህል እያወቀ «ዓይን ስለ ዓይን» የሚለውን ቃል በመግቢያው፣ የካሳውን ዝርዝር በድንጋጌው ሲያስቀምጥ አንዱ ሌላውን ያፈርሳል ብሎ አላሰበም። አባባሉ ወደ እንግሊዞች አገር ሲገባ አብሮት የገባው ሚዛን ነበር፤ ጩቤ አልነበረም።

ወደ ሐሙራቢ ስንሄድ ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፦ የባቢሎኑ ሕግ ከኦሪት ይቀድማል። ሐሙራቢ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1792 እስከ 1750 ድረስ እንደሆነ ይገመታል። ሕጉ የተቀረጸበት ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጥቁር ድንጋይ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1901 መጨረሻ ዛሬ ኢራን በሚባለው አገር፣ በሱሳ ቁፋሮ ያገኙት ሲሆን አሁን በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ቆሟል። ሊቃውንት 282 ብለው ከቆጠሯቸው ድንጋጌዎች 196ኛው፣ አንድ ጨዋ የሌላውን ጨዋ ዓይን ቢያጠፋ የእርሱም ዓይን ይጥፋ ይላል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆሙ። ሁለት ቁጥር ብቻ ወደ ታች ቢወርዱ ኖሮ ሌላ ነገር ባገኙ ነበር። 198ኛው፣ ያው ጨዋ ያጠፋው የተራ ሰው ዓይን ከሆነ አንድ ምናን (ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን) የብር ማዕድን ይክፈል ይላል። 199ኛው ደግሞ የባሪያ ዓይን ከሆነ የባሪያውን ግማሽ ዋጋ ይክፈል ይላል፤ ያውም ለባሪያው አይደለም፣ ለጌታው ነው። እንግዲህ በባቢሎን ዓይን ስለ ዓይን የሚባለው ለእኩያ ብቻ ነበር፤ የድሃው ዓይን ዋጋ ተለጥፎለት ነበር። ከዚህም የባሰ አለ። ግንበኛ የሠራው ቤት ተደርምሶ የባለቤቱን ልጅ ቢገድል፣ የሚገደለው ግንበኛው ሳይሆን የግንበኛው ልጅ ነው (ቁጥር 230)።

አሁን ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21ን ይክፈቱ። «ዓይን ስለ ዓይን» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ስለ ባሪያ ይናገራሉ፤ ጌታ የባሪያውን ወይም የገረዲቱን ዓይን ቢያጠፋ ስለ ዓይኑ አርነት ያውጣው፣ ጥርሱን ቢሰብርም ስለ ጥርሱ አርነት ያውጣው ይላሉ። ስለ አንዲት ጥርስ ሙሉ ነፃነት! ኦሪት ዘሌዋውያን 24 ደግሞ ይህንኑ ሕግ ከደነገገ በኋላ ለመጻተኛውም ለአገሬውም ሕጉ አንድ ይሁን ብሎ ያስራል። ዘዳግም 24፥16 ልጅ ስለ አባቱ፣ አባትም ስለ ልጁ አይገደል ይላል፤ የግንበኛው ልጅ ዳነ ማለት ነው። ኦሪት ከባቢሎን ቀድቶ ቢሆን እንኳ፣ ሲቀዳ የለወጠው ነገር ከቀዳው ይበልጣል፤ የፍትሕ ታሪክም የተሠራው በዚያ ለውጥ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ጸሐፊው የሰው ልጅ ከዓይን ማውጣት ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ገንዘብ ካሳ እንደ ሠለጠነ አድርገው ያቀርባሉ። ከሐሙራቢ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የሚቀድመው የሱመሩ ንጉሥ የኡር ናሙ ሕግ ግን ዓይን ያጠፋ ግማሽ ምናን ብር እንዲከፍል ያዝዛል። ገንዘቡ ይቀድማል። ታዲያ ከገንዘብ በኋላ «ዓይን ስለ ዓይን» የሚል ሕግ ለምን መጣ? አንዱ መልስ፣ ቁርጥ ዋጋ ባለበት አገር ባለጸጋ የሰው አካል መግዛት ስለሚችል ነው። ሮማውያን ይህን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አቆይተውልናል። አሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች በሚባለው በጥንታዊ የሮማ ሕግ ሰውን ያዋረደ ጥቃት ቅጣቱ 25 የናስ ገንዘብ ነበር። ገንዘቡ በዘመን ብዛት ከረከሰ በኋላ ሉኪዩስ ቬራቲዩስ የተባለ ባለጸጋ በመንገድ ላይ ያገኘውን ጨዋ ሰው ሁሉ በጥፊ ይመታ ጀመር፤ ከኋላው ቦርሳ የያዘ ባሪያው እየተከተለ ለተመታው ሰው ሁሉ 25 ናስ ይቆጥርለታል። ሕጉ ተፈጸመ፣ ካሳውም ተከፈለ፤ ፍትሕ ግን የት አለ? በዚህ የተነሣ የሮማ ዳኞች ያንን ቁርጥ ዋጋ ትተው የእያንዳንዱን ጉዳት ልክ መመዘን ጀመሩ። «ዓይን ስለ ዓይን» የሚለው ቃል ለእንዲህ ያለው ሰው የሚናገረው ግልጽ ነው፦ የዚያ ሰው ፊት ከአንተ ፊት አያንስም።

«ተበቀል የሚል ትእዛዝ ነው» የሚለው ነጥብ የጽሑፉ እምብርት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በዘፍጥረት 4 ላሜሕ የሚባል ሰው ለሁለት ሚስቶቹ ይፎክራል፤ ያቆሰለውን ሰው እንደ ገደለ፣ ለቃየን ሰባት እጥፍ ከሆነ ለእርሱ ሰባ ሰባት እጥፍ በቀል እንደሚሆን ይናገራል። የበቀል ተፈጥሮው ይህ ነው። በቀል መጠን አያውቅም፤ አንድ ሲወስዱበት ሰባት፣ ሰባት ሲወስዱበት ሰባ ሰባት ይወስዳል። የአንድ ሰው ግድያ የመንደር ቃጠሎ የሚሆነው በዚህ ስሌት ነው። «ዓይን ስለ ዓይን» የመጣው ላሜሕን ለማስቆም ነው። ስለ ዓይን ነፍስ አትውሰድ፣ ስለ ጥርስ ራስ ቅል አትፍለጥ፣ የወንድሙን ወይም የልጁን አትንካ ይላል። ጣሪያ ነው።

ደግሞም ለማን እንደ ተነገረ ማየት ያስፈልጋል። በዘዳግም 19 ይህ ቃል የሚመጣው በሐሰት ስለሚመሰክር ሰው ሲሆን፣ ዳኞች አጥብቀው ከመረመሩ በኋላ በወንድሙ ላይ ሊያደርስ ያሰበው በራሱ ላይ ይድረስ ይላል። ተናጋሪው ሕግ፣ አድማጩ ዳኛ ነው። ለተበደለው ሰው በግሉ የተነገረውማ በዘሌዋውያን 19፥18 አለ፤ አትበቀል፣ ቂምም አትያዝ ይላል። መጽሐፈ ምሳሌም እንዳደረገብኝ አደርግበታለሁ አትበል ብሎ ይመክራል። አንድ መጽሐፍ ግለሰብን አትበቀል፣ ዳኛን ደግሞ በልኩ ፍረድ ቢል የሚጋጭ ነገር የለውም፤ የዛሬው የወንጀል ሕግም የሚሠራው እንደዚሁ ነው።

ዕብራውያን ቃል በቃል ዓይን ያወጡ ነበር ለሚለው ጽሑፉ ማስረጃ አላቀረበም። በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ውስጥ ዳኛ በዚህ ሕግ የሰው ዓይን ያስወጣበት አንድም ታሪክ አልተጻፈም። በዚያው በዘጸአት 21፣ ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ሌላውን ቢያቆስለው ሥራ የፈታበትን ይክፈል፣ ያሳክመውም ይላል። በዘሌዋውያን 24 «ነፍስ ስለ ነፍስ» የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ የተነገረው የሰው እንስሳ ስለ ገደለ ሰው ነው፤ እንስሳውን ይተካ ማለቱ ነው እንጂ ከብት ስለ ሞተ ሰው ይሙት ማለቱ አይደለም። ዘኍልቍ 35 ደግሞ ስለ ነፍሰ ገዳይ ሕይወት የደም ዋጋ አትቀበሉ ብሎ ለይቶ ይከለክላል። ለነፍስ ብቻ ለይቶ መከልከሉ ለሌላው ጉዳት ካሳ መቀበል የተለመደ እንደነበር ያመለክታል። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክራቸው በተሰበሰበበት በታልሙድ መጽሐፍ ይህን ሁሉ ሰብስበው ሲመረምሩ ጉዳት ያደረሰ ሰው አምስት ነገር እንዲከፍል ወስነዋል፦ ለጎደለው አካል፣ ለሕመሙ፣ ለሕክምናው፣ ሥራ ለፈታበት ጊዜና ለደረሰበት ኀፍረት። ክርክራቸው ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዕውር ሰው የሌላውን ዓይን ቢያጠፋ ከእርሱ ምን ትወስዳለህ? ይህን ጥያቄ የጠየቁ ሰዎች እኩልነትን ከሥጋ በላይ አድርገው ያሰቡ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አምናለሁ። ከእነዚሁ ሊቃውንት መካከል ረቢ ኤሊዔዘር ቃል በቃል ነው ማለቱን ታልሙድ ራሱ መዝግቧል። በእኛም ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢራን ውስጥ፣ አሲድ ደፍቶ የሴት ዓይን ያጠፋ ሰው የእርሱም ዓይን እንዲጠፋ ተፈርዶበት፣ ተበዳይዋ በመጨረሻው ሰዓት ምራዋለች። ስለዚህ ቃሉ ጨርሶ በሥጋ አልተተረጎመም ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ይሁን እንጂ ቅዱስ ቁርኣን በአል ማኢዳ ምዕራፍ ይህንኑ ሕግ በጠቀሰበት በዚያው አንቀጽ፣ መብቱን በምጽዋት የተወ ሰው ለኃጢአቱ ማስተሰሪያ ይሆንለታል ይላል። የሮማውያኑም ሕግ አካል ያጎደለ ሰው ካልታረቀ በቀር አጸፋው እንዲደርስበት ነበር የደነገገው። ልኩ የሚነገረው እርቁ የሚነሣበት ወለል እንዲኖር ነው።

ክርስቶስ ሻረው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በማቴዎስ 5 ሕግን ልሽር አልመጣሁም የሚለው ቃል ከዚህ ትምህርት ቀድሞ በዚያው ምዕራፍ ይገኛል። ሌላውን ጉንጭህን አዙር የተባለው የተመታው ሰው ስለ ገዛ ጉንጩ ነው። ዳኛ የጎረቤቱን ጉንጭ እንዲያዞር አልታዘዘም።

ጋንዲን በተመለከተ፣ ያ ንግግር በእርሳቸው ጽሑፎችና ንግግሮች ውስጥ አልተገኘም። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈው አሜሪካዊው ሉዊስ ፊሸር የጋንዲን ትምህርት ሲያብራራ የተጠቀመበት አነጋገር ነው፤ ኋላ ወደ እርሳቸው ተላለፈ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1914 ጆርጅ ግራሃም የተባለ የካናዳ ፓርላማ አባል በሞት ቅጣት ክርክር ላይ ሕጉ ቢመለስ በምክር ቤቱ ዕውርና ጥርሰ ቢስ የማይሆን አባል ጥቂት ነው ብሎ ነበር። ማንም ይበለው ማን፣ አነጋገሩ መመዘን ያለበት በይዘቱ ነው። ዓለም የሚታወረው እያንዳንዱ ብድር ሌላ ብድር ሲወልድ ነው። ሁለት ወገኖች ስለ መጀመሪያው በደል ሳይስማሙ ሲቀሩ እያንዳንዱ ራሱን መላሽ አድርጎ ይቆጥራል፤ ያኔ አነጋገሩ እውነት ይሆናል፤ ይህን ለጸሐፊው እለቅላቸዋለሁ። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ግን ሦስተኛ ወገን መጥቶ ልኩን ሲናገርና «እዚህ ላይ ይበቃል» ሲል ነው። አባባሉ የሚጠይቀውም ያንን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ጸሐፊው ሽምግልናን የሚያወድሱት ተበዳይ ሁሉን ረስቶ ይቅር የሚልበት ሥርዓት አድርገው ነው። በደም እርቅ ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው ይህን አይልም። ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ይመላለሳሉ! ገዳይና ወገኖቹ በድብቅና በርቀት ይቆያሉ። በዳይ አንገቱን ደፍቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሟች ወገን ፊት ይቀርባል፤ ጥፋቱን በአፉ ያምናል። ከዚያ ካሳው ይቆረጣል፤ በኦሮሞ ባህል ጉማ የሚባለው፣ በአማራው ዘንድ የደም ካሳ የሚባለው ነው። መሐላውና አብሮ መብላቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት የወጣለት ሕዝብ ልክ የሌለው ይቅርታ እንደማይጸና ያውቃል። ካሳው በቀረበት ጊዜ እርቁ ይፈርሳል፤ ቂሙ ለልጅ ይተላለፋል። የነገሥታቱ ዘመን ዳኝነትም ነፍሰ ገዳይን ለሟች ቤተሰብ አሳልፎ ሲሰጥ፣ ቤተሰቡ ወይ ደሙን ይመልስ ነበር፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይታረቅ ነበር። እርቅና ልክ በአገራችን ተቃርነው አያውቁም።

ሽምግልናችን የሚነቀፍበትም ቦታ አለ፤ ጸሐፊው ግን አላነሡትም። በአንዳንድ አካባቢ ቂሙ እንዲጠፋ በሚል ከገዳይ ወገን ልጃገረድ ለሟች ወገን የምትዳርበት ልማድ ነበረ። አጎቷ ወይም ወንድሟ ስለ ገደለ እርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ትከፍላለች። ይህ ከሐሙራቢ ግንበኛ ልጅ ፍርድ በምን ይለያል? ይህንን ልማድ የሚኰንነው ያው ጸሐፊው የጣሉት ሕግ ነው፤ ዕዳው የአጥፊው ብቻ ነው፣ ከአጥፊው በቀር ማንም አይነካ ይላል።

ጸሐፊው ለዛሬ ሰው ምን ይጠቅመዋል ብለው ይጠይቃሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን እንመልከት። ቁጥር 2091 የሚከፈለው ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ «ዓይን ስለ ዓይን» በዘመናዊ የሕግ ቋንቋ ማለት ይኸው ነው። ጥቂት ገጾች አልፎ ግን ቁጥር 2116 ለሞራል ጉዳት የሚፈረደው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጅቷል። ቁጥሩ የተጻፈው የዚያን ዘመን ብር ታሳቢ አድርጎ ነው። በሌላው ጥፋት ልጇን ያጣች እናት ሐዘኗ በዚህ ጣሪያ ሥር ሲሰፈር፣ ገንዘቡ ዛሬ ለሐዘን ቤቷ ለአንድ ቀን ወጪ እንኳ አይበቃም፤ ለበዳዩ ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ያለ መንገድ ላይ የሚቆጠር ዝርዝር ነው። የሮማ ዳኞች የ25 ናሱን ሕግ ትተው ጉዳቱን ራሳቸው እንደ መዘኑ፣ የእኛም ዳኛ የእናቲቱን ሐዘን በልኩ እንዲመዝን ይህ ጣሪያ መነሣት አለበት። ጸሐፊው ያንን የተባ ብዕራቸውን ወደዚህ ቢመልሱት ከጎናቸው እቆማለሁ።